መጀመሪያ ዘንቢሉን

ጥቅምት አጋማሽ ላይ በሰፈራችን የእሁድ ገበያ አንዲት እናት የባቄላ እሸት ከነቅርፊቱ ማዳበሪያ ላይ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ሁለት ኪሎ አስመዘንኩና «እማማ፣ ከመቀቀል ሌላ ምን ይሠራበታል?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «አልጫ ነዋ ልጄ! ፈልፍለሽ፣ ሽንኩርቱን በዘይት ታቁላያለሽ፤ ነጭ ሽንኩርትና እርድ ጣል አድርገሽ እሸቱን ትጨምሪያለሽ። ልታወጪው ስትይ ቃሪያ ሰንጥቀሽ ጣል ነው።» ውኃውስ? «እንደ ዓይንሽ።»

ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ በአማርኛ ፈለግኩ። የዶሮ ወጥ ቪዲዮ እንደ ጉድ ነው። ላዛኛ አለ፣ ኬክ አለ፣ ብሮኮሊ በክሬም ሳይቀር አለ። የባቄላ እሸት አልጫ ግን አላገኘሁም። ገበያው በእሸት ተሞልቶ ሳለ ምግብ አሠራር እናሳያለን የሚሉት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በዓል ላይ ናቸው።

አንድ የጋራ የአማርኛ የምግብ አሠራር ድረ ገጽ ቢኖረን እያሉ የሚያወሩ ወዳጆች አሉኝ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አጀማመሩ ላይ ግን አልስማማም። እነሱ የሚነሡት ከወጡ ስም ነው፤ ክትፎ፣ ዱለት፣ ምንቸት አብሽ እያሉ። ሰው ግን ከሥራ ውሎ ሲገባ «ዛሬ ምን ልሥራ?» የሚለው ዘንቢሉን እያየ ነው። አንድ እስር ጎመንና ሁለት ድንች አለኝ፣ ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ምን ይወጣዋል? ለዚህ መልስ የማይሰጥ ድረ ገጽ ከፎቶ አልበም አይለይም።

ረቡዕ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ገብቶ 15 ቀን ይቆያል፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይጀምራል፤ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ይህን ሁሉ ቀን በሽሮና በምስር ብቻ የሚገፋ ቤት፣ አዚፋውን፣ ስልጆውን፣ የሱፍ ፍትፍቱን የምታውቅ አያት ከጎኑ ስለሌለች ነው። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚቀድም፣ ማፍጠሪያው ላይ የሚቀርበው ትኩስ አትክልት አንድ ዘመን የክረምት፣ ሌላ ዘመን የበጋ ነው። ስለዚህ ወሩንና ጾሙን የማያውቅ የምግብ አሠራር ለእኛ ቤት ግማሽ ነው።

ቦታም እንዲሁ። ኮንሶ ላይ የሽፈራው ቅጠል ጓሮ ያለ ጎመን ነው፤ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ከሚድበለበለው ኩርኩፋ ጋር ይበላል። አዲስ አበባ ስትደርስ ያው ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ በትንሽ ዕቃ «ለጤና» ተብሎ ይሸጣል፤ እንዴት እንደሚቀቀል የሚነግርህ የለም። ሳማም በክረምት በደጋው የሚበላ ቅጠል ነው፤ ከተማ ያደገ ሰው ግን የሚያውቀው በማቃጠሉ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ የሐበሻ ጎመን ስታጣ ኮላርድ የሚሉትን ቅጠል ነው የምትከትፈው፤ ወፍራም ስለሆነ እሳት ላይ ብዙ ያቆያል ትላለች። ይህም መጻፍ አለበት፣ በእሷ አፍ። ኮሰረቱን ግን የሚተካ ስላላገኘች አሁንም በመንገደኛ ነው የምልክላት።

«እንደ ዓይንሽ» የሚለውን ግን እንዴት ነው የምንጽፈው? አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሞከርኩት። ዲጂታል ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «አንድ እፍኝ ሽሮ ይስፈሩልኝ» አልኳቸው። በጎን ዓይናቸው አዩኝና ሰፈሩ። 52 ግራም። መልሰው ሰፈሩ፤ 50። ሦስተኛውን ሲሰፍሩ ሰው እያነጋገሩ ነበር፤ 53። ሚዛኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እጃቸው ልክ አለው፤ የእኔ እጅ ግን የሳቸው እጅ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም ይጻፍ፤ እፍኙም ግራሙም። ከሁለቱም ይልቅ የሚጠቅመው ደግሞ እሳቸው ሳያስቡት የሚናገሩት ነው፦ «ሽንኩርቱ ውኃውን ሲጨርስ»፣ «ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ»፣ «ሽታው ሲለወጥ»። በደቂቃ የተጻፈ አሠራር በከሰልና በኤሌክትሪክ ምድጃ መሀል ይጠፋል፤ ይሄ አይጠፋም።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ሥራውን የምትገድል፦ ፊደላችን። አንዱ «ጎመን» ይላል፣ ሌላው «ጐመን»፤ አንዱ «ሰናፍጭ»፣ ሌላው «ስናፍጭ»፤ «ሥጋ»ና «ስጋ»ማ አይነሣ። መፈለጊያው እነዚህን አንድ አድርጎ ካላየ የተጻፈው ሁሉ ተቀብሮ ይቀራል። ፕሮግራም የሚጽፉት ልጆች መጀመሪያ ይህን ይሥሩ፤ ቀለሙና ምስሉ ይደርሳል።

ማን ይጽፈዋል ለሚለው እኔ ሼፍ አልጠራም። የዕድር ድንኳን ውስጥ ለሦስት መቶ ሰው ወጥ የሚያወጡት ሴቶች አሉ። አይጽፉም ይባላል፤ አዎ፣ ብዙዎቹ አይጽፉም፣ ግን ቴሌግራም ላይ የድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ የልጅ ልጅ ይገለብጠዋል። ከሥሩ ደግሞ ከማንና ከየት አገር እንደተገኘ ይጠቀስ፤ ባለቤቷ ካልፈለገች ስሟ ይቅር፣ አገሯ ግን ይኑር። እዚህ ላይ አንድ ነገር እፈራለሁ። ሥራው ሰው ሲሰበስብ የታሸገ ማጣፈጫ ሻጭ ገንዘብ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። በማግስቱ የእማማ አልጫ ውስጥ «አንድ ፍሬ ማጣፈጫ» ገብቶ ታገኙታላችሁ። ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒዩተር ኪራይ ለመክፈል ወር እየጠበቁ ማዋጣት ይሻላል፤ ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ነን።

የባቄላውን አልጫ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ውኃ ግማሽ ብርጭቆ ብዬ። ሠራሁት፣ ጥሩ ነበር፣ ግን ላላ። በሚቀጥለው እሁድ ሻጯ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። «ግማሽ ብርጭቆ?» ብለው አንድ እሸት ፈለፈሉና ፍሬውን በጥፍራቸው ጫን አደረጉት፤ እርጥበቱ ጣታቸው ላይ ወጣ። «ይሄ እኮ ራሱ ውኃ ነው። ሰኔ ላይ ደረቁን ስትገዢ ያኔ ውኃ ታበዣለሽ።»

ሰረዝኩና አስተካከልኩ፦ ግማሽ የቡና ሲኒ፣ ለጥቅምት እሸት።