እርማት፦ የጠርዝ ድምቀት ሁልጊዜ የውኃ ብዛት አይደለም

የተከበሩ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን በላኩት አስተያየት፣ በማይክሮስኮፒ ደረጃ በተነሣ የኤም አር አይ ምስል ላይ የገብስ አገዳ ሕዋሶች ዳር ዳራቸው ደምቆ የታየው «በዚያ ውኃ ስለሚበዛ ነው» ብለዋል። አባባሉ የተለመደ ቢሆንም መታረም ይገባዋል።

የሚያግዳት የሌለ የውኃ ሞለኪውል በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ በአማካይ 7 ማይክሮሜትር ያህል ትርቃለች። የምስሉ ነጥቦች ስፋት ወደዚህ ልክ ሲወርድ፣ ሞለኪውሎቹ እኩል ባልሆነው መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲንከራተቱ የዙረት ምታቸው (የሃይድሮጅን አስኳሎቻቸው በመስኩ ውስጥ አብረው የሚዞሩበት ስልት) ስለሚለያይ ሲግናሉ፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራበት የሬዲዮ ምልክት፣ ይደክማል። ከግድግዳ አጠገብ ያሉት ግን፣ በመንዝ ጉረኖ ጥግ እንደ ቆሙ በጎች፣ ወደ አንድ ወገን መራቅ አይችሉም፤ ግድግዳው ስለሚመልሳቸው የሚያልፉበት የመስክ ልዩነት ያንሳል፣ ሲግናላቸውም የተሻለ ይተርፋል። ስለዚህ ውኃው በሁሉም ቦታ እኩል ቢሆን እንኳ ጠርዙ ከመሐሉ ይደምቃል። ጉዳዩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የታወቀ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ድምቀቱ ጎልቶ የሚወጣው ለንባቡ ግራዲየንት (ምስሉ ሲነበብ መግነጢሳዊ መስኩ ከቦታ ቦታ እንዲለያይ ለሚያደርገው ቅልመት) አቅጣጫ ቀጥ ብሎ በተጋረጠው ግድግዳ ላይ ነውና፣ ግራዲየንቱን 90 ዲግሪ አዙሮ ድጋሚ ማንሣት ይበቃል፤ ድምቀቱ ወደ ሌሎቹ ግድግዳዎች ከዞረ መንሥኤው የታገደ ዲፊዩዥን (በግድግዳ የተገታ የሞለኪውሎች መንከራተት) ነው፣ የእውነት የውኃ ክምችት ቢሆን ኖሮ ግን ከቦታው ባልተነቃነቀ ነበር። ውኃ በሚያሳልፍ ግድግዳ ላይ፣ በነገራችን ላይ፣ ድምቀቱ ይደበዝዛል።