ማስተካከያ፦ የአካል ጉዳተኞች መኪና በነጻ የሚታደል አይደለም
ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ባቀረብሁት ጽሑፍ «የእንግሊዝ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች መኪና በነጻ ያድላል» ማለቴ ስሕተት ስለሆነ አንባብያንን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተው ሞታቢሊቲ የተባለው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት የዘረጋው አሠራር፣ ተጠቃሚው ከመንግሥት ለመንቀሳቀሻ የሚከፈለውን ድጎማ እያዋለ መኪናውን፣ ብዙውን ጊዜ ለ3 ዓመት፣ የሚከራይበት ሲሆን፣ ኢንሹራንሱና ጥገናው በኪራዩ ይጠቃለላል፤ ራሱ መንዳት ለማይችልም ቤተሰቡ ወይም ረዳቱ ሊነዳለት ይችላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ምጽዋት የሚቀበልና በራሱ ገንዘብ የፈለገውን የሚመርጥ ሰው አንድ አይደሉምና። ስለ መኪናው ጥቅም፣ ማለትም አካል ጉዳተኛው በፈለገው ጊዜ እንዲንቀሳቀስ ስለማስቻሉ፣ የጻፍሁት ግን እንዳለ ይጸናል፦ ተሽከርካሪ ወንበሯ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እስኪታሰር መናኸሪያው ውስጥ በሰው ክንድ ተደግፋ የምትጠብቀው እህቴ፣ ፍኖተ ሰላም ለመሄድ ባሰበች ቁጥር አስቀድማ የሚሸኛት ሰው መለመን አለባት።