ቁጥር 10ን ዘለን ቁጥር 11ን የምንለጥፍ

ወገኖቼ፣ እስቲ እንቆጣጠር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን ስልክ የምንነካካው ምን ፈልገን ነው? ዶላር ስንት ገባ፣ አከራይ ስንት ሊጨምር ነው፣ እገሌ ነቢይ ምን አየ። ጠዋት ዓይናችን ቀልቶ «እግዚአብሔር ሰላም ነሳኝ» እንላለን። እሱ መች ነሳን?

ጭንቀታችሁ የውሸት ነው አልልም። ኑሮው ከብዷል፤ መንገድ መውጣትም የሚያስፈራበት ቦታ ብዙ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሰላምን በቀጠሮ የሚሰጠን ሰው ፍለጋ መሮጣችን ነው። «በሦስት ቀን ቪዛህ ይመጣል» ሲባል እልል እንላለን። በአራተኛው ቀን ከበፊቱ ብሶብን ሌላ ነቢይ ጋ እንሄዳለን።

ሰውዬው አዲስ አይደለም። ኤርምያስ 28ን ግለጡ። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ቤተ መቅደስ ቆሞ «ወደ ባቢሎን የተወሰዱት ምርኮኞች በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ» አለ። ነቢዩ ኤርምያስ ግን ባቢሎን ላሉት ምርኮኞች ደብዳቤ ሲጽፍ «70 ዓመት ይፈጃል» አላቸው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ላላችሁባት ከተማ ጸልዩ። በየታክሲውና በየፕሮፋይሉ የምንለጥፋት «የሰላም አሳብ ነው» የምትለዋ ጥቅስ ከዚሁ ደብዳቤ የመጣች ናት፤ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11። ቁጥር 10 ላይ ያለውን 70 ዓመት የለጠፈ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ምዕራፍ 32 ደግሞ ይብሳል። ኢየሩሳሌምን የባቢሎን ሠራዊት ከቧታል። ኤርምያስ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል፤ ቀለቡ በቀን አንድ እንጀራ ነው። እዚያው ሆኖ 17 ሰቅል (የዚያ ዘመን መመዘኛ ነው) ብር መዘነና በትውልድ መንደሩ በዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ መሬት ገዛ። ጠላት የሰፈረበትን አገር መሬት! የእኛ ደላላ ቢሰማ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ውሉንም ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው።

ግራ አልገባውም እንዳትሉ። «ከተማዋ እየተያዘች መሬት ግዛ ትለኛለህ?» ብሎ አምላኩን ጠይቋል። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ከፈለ፣ ከዚያ ጠየቀ። ያን መሬት ሲያርሰው ግን የትም አናነብም። በመጨረሻ ከጥፋቱ የተረፉት ያገሩ ሰዎች ወደ ግብፅ ይዘውት ሄዱ። መሬቱን የገዛው እሱ ለማይደርስበት ዘመን ነበር፤ ቀን በቀን የሚያኖረው ደግሞ ያቺ አንዲት እንጀራ። እኛ ዛሬ ተክለን ዛሬ ካልበላን ተረሳን እንላለን።

አንተ «ነገሮች ይረጋጉ» ብለህ ትምህርትህን ያቋረጥክ፣ ተመለስ። አንቺ «አገር ሰላም ይሁን» ብለሽ ሠርግሽን ያራዘምሽ፣ ቀኑን ቁረጪ። እቁባችሁን ጣሉ፣ ልጃችሁን ፊደል አስቆጥሩ። እንቅልፍ ካጣችሁ የሰነበታችሁ ሐኪም ዘንድም ሂዱ፤ ጸሎቱም ጸበሉም ሐኪም አይከለክልም። ሐናንያን ግን ዛሬውኑ ከስልካችሁ አጥፉት። ለእሱ የምትልኩትን ብር ለኪራዩ ጨምሩት።