«በዚህ ዕድሜሽ?»

ባሕር ዳር ከገባሁ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይወረወርብኛል። ሱሪ ለብሼ ስወጣ፣ «በዚህ ዕድሜሽ?» ጸጉሬን ማሳጠሬን ሲያዩ፣ «በዚህ ዕድሜሽ?» የወንድሜን ልጅ ሳይክል ተውሼ በጣና ዳር ስነዳማ ጥያቄው ቀርቶ ምክር ሆነ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ አጠገቤ መጣና «ማዘር፣ ቤት ቁጭ ብለው ቢጸልዩ አይሻልም?» ብሎኝ አለፈ። ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። እኔም ሃምሳዎቹን አጋመስኩ እንጂ አልሞትኩም።

የምኖረው ሆላንድ ነው። እዚያ ሳይክሉ ከሰው ይበዛል። ሕዝቡ 18 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ሳይክሉ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። ከታች ቤት ያሉት ጎረቤቴ 78 ዓመታቸው ነው። ቀይ ጃኬት ይለብሳሉ። ከሳይክላቸው ኋላ ግራና ቀኝ ቦርሳ አለ፤ በአንዱ ድንችና ወተት፣ በሌላው ፎጣና የመዋኛ ልብስ ይይዛሉ። ዝናብ ቢመጣ ኮፍያቸውን ሳብ ያደርጋሉ እንጂ አይመለሱም። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። የሚያስቀናኝ ይኼ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም!

ሳይክል ለባሕር ዳር ባዕድ ቢሆን ባልገረመኝ። ከተማው ሜዳ ነው። ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ላይ ሴቱም ወንዱም ሳይክል ሲነዳ እያየን ነው ያደግነው። እህቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ፈረቃ የምትገባው በሳይክል ነበር። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ስትበር ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ «ጎበዝ» ትባል ነበር። አሁን 61 ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ወጥታለች። ሳይክሏ ዕቃ ቤት ቆሟል። መሪው ላይ ነጭ ሽንኩርት ተንጠልጥሎበታል፣ ኮርቻው ላይ ወንፊት ተደፍቶበታል። ጎማው ከተነፈሰ ቆይቷል።

ሐኪሟ «ስኳርሽ እንዲስተካከል በየቀኑ ተራመጂ» ብሏታል። ትራመዳለችም። የት መሰላችሁ? ግቢ ውስጥ። ሲመሽ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ከማንጎው ዛፍ እስከ ማድ ቤቱ ትመላለሳለች። ያመጣሁላትን ስኒከር አድርጋ አስፋልት ላይ መውጣት ታፍራለች። «አሮጊቷ አበደች ሊሉኝ ነው?» ትለኛለች። ሐይቁ እኮ አፍንጫዋ ሥር ነው!

ወንድማችን ደግሞ በዕድሜ ይበልጣታል። እሱ በየጠዋቱ ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ጣና ዳር ይሮጣል። ስለ እሱ የሚባለው «ጤናውን ይጠብቃል» ነው። ጸጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ትንፍሽ ያለ የለም። ታዲያ እንደ ዕድሜ መልበስ የሚባለው ሕግ የወጣው ለማን ነው?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ገበያ ያየሁት ነው። ከእህቴ የሚበልጡ ሴትዮ እንጨት ተሸክመው መጡ። ጎንበስ ከማለታቸው የተነሳ የሚያዩት የራሳቸውን እግር ብቻ ነው። ገመዱ ደረታቸው ላይ ሰርጎ ገብቷል። ጫማቸው የተበጠሰ ላስቲክ ነው፤ በጨርቅ አስረውታል። አንድም ሰው «በዚህ ዕድሜዎ?» አላላቸውም። ዋጋ ነው የተከራከሯቸው። ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ የሚመጣውን ታንኳ የሚቀዝፉትን ሽማግሌም ዕድሜያቸውን የሚጠይቅ የለም። ሴትዮዋ ያንን ሸክም አውርደው ሳይክል ላይ ቢወጡ ግን ገበያው በሙሉ ይስቅባቸው ነበር። ስንለፋ ዕድሜያችንን የሚቆጥርልን የለም። ትንሽ ደስ ሊለን ሲል ነው ሁሉም ቆጣሪ የሚሆነው።

እስክስታ ነውር ሆኖም አይደለም። ሰርግ ላይ የሰባ ዓመት እናት ወገባቸውን አስረው ሲወርዱት ቤቱ በእልልታ ይናጋል። ጥምቀት ላይም እንዲሁ ነው። ያን ቀን እልል የተባለለት ትከሻ በማግስቱ ስፖርት ሲሠራ ለምን ይሳቅበታል? ምሩፅ ይፍጠርንም አስቡት። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያመጣ የውጭ ጋዜጠኞች ዕድሜውን ይጠያየቁ ነበር። እኛ ምን ገዶን! «ማርሽ ቀያሪው» ብለን ጮቤ ረገጥን።

ሆላንድ ገነት ነው አላልኩም። ጎረቤቴ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው የሚመጣው እሁድ ነው፤ ያውም ደውሎ፣ ሰዓት ይዞ። አውቶቡስ ውስጥ እሳቸው ቆመው ጎረምሳው ስልኩን ሲነካካ አይቻለሁ። እህቴ ቤት ጎረቤት ለቡና ሳይገባ የሚውል ቀን የለም። ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ይነሱላታል። እዚያ ሆኜ ሲናፍቀኝ የኖረው ይኸው ነው። የሚያበሽቀኝ፣ ተነስቶ ወንበር የሚሰጣት ልጅ መንገድ ላይ በስኒከር ሲያያት የሚስቅባት መሆኑ ነው።

እናታችን አባታችን ሲሞት ጥቁር ለበሰች። ገና አርባዎቹ ውስጥ ነበረች። ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ተሰብስቦ «አሁንስ አውልቂው» አላት። «ደግሞ ለማን ላጌጥ?» አለች። ከዚያ በኋላ ቀለም ያለው ልብስ ለብሳ አላየኋትም። ከሳጥኗ ሥር ያገኘነው ባለ አረንጓዴ ጥለት ቀሚስ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም ነበር። ሰው ሁሉ «ጨዋ» እያለ አመሰገናት። እኔ ያን ቀሚስ ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። እህቴም በዚያው መንገድ ስትሄድ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ያሻችሁን ልበሱ፣ ራቁታችሁን ሂዱ አይደለም የምለው። ቤተ ክርስቲያን በነጠላ እሄዳለሁ። ለቅሶ ቤት ጥቁር እለብሳለሁ። ለቦታው መልበስ ይገባኛል። ሃምሳ ስለሞላኝ ግን ቢጫ ሹራብ ልተው ማለት ከየት እንደመጣ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ብጠይቅ መልሱ «ሰው ምን ይላል?» ብቻ ነው። ያ ሰው ማን ነው? የእህቴን ስኳር የሚለካላት እሱ ነው? ጉልበቷ ሲያብጥ የሚያሽላት እሱ ነው?

ለወንድሜም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ። «ተይ፣ ሰው ይስቅብሻል» ካሏት አንዱ እሱ ነው። በእሱ አጠገብ ስትሄድ ደግሞ ደፍሮ የሚስቅባት የለም፤ ሰፈሩ ያከብረዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ቱታውን ለብሶ ሲወጣ በሯን አንኳኩቶ ይዟት ይሂድ። ሌላ ምንም አልጠይቀውም።