አገር ሳይሰጡ መልስ የለም

ማይክሮሶፍት «ጌሚንግ ኮፓይለት» የሚለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) የጌም ረዳቱን ዊንዶውስ 11 ላይ ካስገባ ወዲህ ከጓደኞቼ ጋር መስማማት አቅቶኛል። በፈረንጆቹ መስከረም 2025 ለሙከራ ሲወጣ ብዙዎቹ እሰይ አሉ። እኔ ተናደድኩ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፐዝል ጌም፣ ማለትም እንቆቅልሽ እየፈታህ የምታልፍበትን ጌም፣ እየተጫወትክ ትቀረቀራለህ። ጌሙን አታቋርጥም፣ ዩቲዩብ አትከፍትም፣ ዎክስሩ የሚሉትን፣ መፍትሔውን ደረጃ በደረጃ የሚነግር ጽሑፍ ፍለጋ አትሄድም። እዚያው ሆነህ በድምፅ ትጠይቀዋለህ። ስክሪንህ ላይ ያለውን አይቶ ቀጥሎ ምን ብታደርግ እንደሚሻል ይነግርሃል። አለቀ።

ለኳስና ለተኩስ ጌም ከሆነ እሺ ይሁን። የትኛው ጠመንጃ ይሻላል ብሎ የጠየቀ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ፐዝል ግን ሌላ ነው። ፐዝል ውስጥ መልሱን ከመፈለግ ሌላ የሚሠራ ሥራ የለም። መልሱን በነጻ የሚያድል ማሽን ተጫዋቹን እየረዳ አይደለም። ጌሙን እየበላበት ነው።

ስንከራከር መጀመሪያ የሚመዙብኝ «ካልፈለግክ አትጠቀም» የሚለውን ነው። ይሄ ክርክር አይባልም። በሁዳዴ ጾመኛ ፊት ትኩስ ክትፎ አስቀምጦ «ካልፈለግክ አትብላ» እንደማለት ነው። ሰው የሚፈተነው አጠገቡ ባለው ነገር ነው። አንድ ሰሌዳ ላይ ሦስት ሰዓት አፍጥጦ ዓይኑ የቀላ ሰው ፊት መልሱን በአንድ ቃል ርቀት ላይ ማስቀመጥና ሌላ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ እኩል አይደለም። እኩል ነው የሚል ሰው ከልቡ ተቀርቅሮ አያውቅም።

መልስ መጠየቅ ነውር ነው አላልኩም። በእንቆቅልሽ ያደግን ሰዎች እንዲህ ልንል አንችልም። ታላቅ እህቴ ማታ ማታ «እንቆቅልህ?» ትለኛለች። «ምን አውቅልሽ?» እላለሁ። «በር የሌለው ነጭ ቤት።» አስባለሁ። ጣራ አያለሁ። ቤተ ክርስቲያን እላለሁ፣ ድንኳን እላለሁ። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። በመጨረሻ ሲያቅተኝ «አገር ስጠኝ» ትላለች። ጎንደርን ሰጠሁሽ ስላት አትቀበልም። ሐረርን ስጨምርላት ትንሽ ታንገራግራለች። አገሩን ተቀብላ፣ እዚያ ገብታ በልታ ጠጥታ፣ እኔን በደንብ አድርጋ ሰድባኝ፣ ከዚያ በኋላ ነው «እንቁላል» የምትለኝ።

ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ትልቅ ነገር ገብቷቸዋል። መልሱ ይገኛል። ለዘላለም አይደበቅም። ግን ይገዛል። አገር ከመስጠትህ በፊት አንድ ጊዜ ደግመህ ታስባለህ። ጎንደር ከእጄ ልትወጣ ስትል ስንት ጊዜ መልሱ እንደመጣልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ያ ማመንታት፣ ያ «ቆይ ቆይ» የምንላት ሰዓት፣ የጨዋታው ልብ እሷ ናት።

ጌም ሠሪዎችም ይህን ያውቁ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ኢንፎኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዞርክና ለሌሎች የጽሑፍ ጌሞቹ የፍንጭ መጽሐፍ ለብቻው ይሸጥ ነበር። ጥያቄው ይታያል፣ መልሱ ግን በማይታይ ቀለም ነው የታተመው። በልዩ እስክሪብቶ ስትቀባው ብቻ ይወጣል። የመጀመሪያው ፍንጭ ጫፉን ብቻ ያሳያል። ሁለተኛው ጠጋ ያደርግሃል። ሙሉው መልስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጥያቄዎቹን በማንበብ ብቻ ስለ ጌሙ ምንም እንዳትጠረጥር የውሸት ጥያቄ ሁሉ ቀላቅለውበታል። ለተጫዋቹ ምን ያህል እንደተጠነቀቁለት አስቡ።

በ2009 የወጣውን ማሺናሪየም የሚባለውን የቼኮቹን ጌም ተመልከቱ። ሙሉ መፍትሔውን በሥዕል የያዘ መጽሐፍ ጌሙ ውስጥ አለ። ግን ተቆልፏል። ለመክፈት ቁልፍ እየነዳህ፣ ሸረሪት እየተኮስክ የምታልፍበትን ትንሽ ጌም መጫወት ግድ ነው። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶም በዚያው ዓመት «ዊ» በሚባለው መሣሪያው ላይ በወጣው የማሪዮ ጌም ለተቸገረ ተጫዋች መንገዱን የማሪዮ ወንድም ሉዊጂ እየሮጠ እንዲያሳየው አደረገ። መቼ? አንድ ደረጃ ላይ ስምንት ጊዜ ከሞትክ በኋላ ነው። ስምንት ጊዜ! ሁሉም በየቋንቋቸው አገር ስጠኝ እያሉ ነው። አዲሱ ረዳት ግን ምንም አይጠይቅም። ከዚህ በፊት ምን ሞክረሃል እንኳን ሳይልህ ይሰጥሃል።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ነገሩ የገባኝ በዚህ ነውና። ዘ ዊትነስ በ2016 የወጣ የጆናታን ብሎው ጌም ነው። ደሴት ላይ ብቻህን ትዞራለህ። ከ500 በላይ ሰሌዳዎች አሉ። እያንዳንዱ ላይ መስመር ትስላለህ። ሕጉን የሚነግርህ የለም፤ ከሰሌዳዎቹ ራስህ ትማረዋለህ። እኔ የተቀረቀርኩት ረግረጉ ጋ ነው። እዚያ ቴትሪስ ላይ እንዳሉት ያሉ ቅርጾች ሰሌዳው ላይ ተስለው ታገኛለህ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰሌዳዎች በቀላሉ ፈታሁ። ስለዚህ ሕጉን ያወቅሁት መሰለኝ። ቅርጹ ምልክቱ በተሳለበት ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት ብዬ አመንኩ። ከዚያ አንድ ሰሌዳ እንቢ አለኝ።

አራት ማታ። አራት ማታ ሙሉ እዚያው ሰሌዳ ላይ። ዩቲዩብ ልከፍት ስንት ጊዜ እጄ ሄደ። በአራተኛው ማታ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔም ባትሪ ደክሞ ነበር። ሻማ አበራሁና የድሮ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተሬን አውጥቼ ሰሌዳውን በእርሳስ ሳልኩት። ደጋግሜ ሳልኩት። አንድ ገጽ ከሞላ በኋላ የሆነ ነገር ታየኝ። የከለከለኝ ጌሙ አልነበረም። ማንም ያላወጣውን ሕግ እኔው አውጥቼ ለራሴው እገዛ ነበር። ቆሜ ክፍሉን ዞርኩ። መብራት እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። እንደዚያ ጓጉቼ መብራት ጠብቄ አላውቅም። ትክክለኛው ሕግ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ያልተጫወታችሁ አላችሁ።

አሁን ያን ማታ መብራት ባይጠፋና ረዳቱ ቢኖረኝ ብላችሁ አስቡት። «መስመሩን ከታች ጀምር፣ ወደ ቀኝ ሁለት፣ ወደ ላይ ሦስት» ይለኛል። ሰሌዳው ይበራል። በሩ ይከፈታል። እኔስ? የተሳሳተውን እምነቴን እንደያዝኩ ወደሚቀጥለው ሰሌዳ እሄዳለሁ። እዚያም እቀረቀራለሁ። እንደገና እጠይቃለሁ። በሩ ተከፈተ እንጂ እኔ አልተከፈትኩም። ከዚያ በኋላ ጌሙን የሚጫወተው እሱ ነው። እኔ ጣት ነኝ።

ዋናው ነገሬ ይሄ ነው። ሰው ፐዝል ላይ የሚቀረቀረው መልስ ስለጎደለው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነገር አጥብቆ ስለያዘ ነው። መቀርቀር ማለት ያ የተሳሳተ ነገር የሚላላበት ጊዜ ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም የሚሠራ አይመስልም። ገላህን ስትታጠብ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ውስጥ ለውስጥ ይሠራል። መልስ ሲመጣ ይሄ ሥራ ይቋረጣል። ደግሞም አይመለስም። የሰማኸውን አልሰማሁም ማለት አትችልም።

አውተር ዋይልድስን የተጫወተ ሰው ይህን ያውቃል። በ2019 የወጣ ጌም ነው። በየ22 ደቂቃው ፀሐይ ትፈነዳለች፣ አንተም ከመጀመሪያው ትነሣለህ። ከዙር ወደ ዙር ይዘኸው የምታልፈው መሣሪያ ወይም ጉልበት የለም። ያወቅኸውን ብቻ ይዘህ ትነሣለህ። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ጌሙን በአንድ ዙር ይጨርሰዋል። የማያውቅ ሰው ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከፍለህ የገዛኸው አለማወቅህን ነው። በአንድ ጥያቄ ብትጥለው ገንዘብህን ነው የጣልከው።

ሌላው የሚሉት ደግሞ «ፊልም መሃል ላይ ቆሞ ይህን ካልፈታህ አልቀጥልም አይልም፣ መጽሐፍም ገጹን አይቆልፍም፣ ጌም ብቻ ለምን ሰውን ያግታል?» ነው። ፊልም እኮ አንተ ብትተኛም ይቀጥላል። ስላንተ ግድ የለውም። ፐዝል ግን ያለ አንተ አንድ እርምጃ አይሄድም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰው ፊልም ይመልከት፣ ማን ከለከለው? መጽሐፍ አይቆልፍም ያለው ሰው ደግሞ ቅኔ ሰምቶ አያውቅም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁ የጠፋበት ሰው ተቆልፎበታል። ዓመት ሙሉ ተሸክሞት ሊዞር ይችላል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲበራለት ብቻውን ይስቃል። ወርቁን አስቀድሞ የነገሩት ሰው ግን «አሃ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል።

«ሥራ አለን፣ ልጅ አለን፣ ጊዜ የለንም» የሚሉም አሉ። ጌሙ እኮ አይቸኩልም። ዝጋው። ከሳምንት በኋላ ክፈተው። ጊዜ የሌለው ሰው አሥር ፐዝል በሌላ ሰው ጭንቅላት ከሚፈታ ሦስቱን በራሱ ቢፈታ ይሻለዋል። ሁሉንም መጨረስ አለብህ ያለህ ማን ነው?

አንድ ነገር እቀበላለሁ። መጥፎ ፐዝል አለ። በ1999 በወጣው ጋብሪኤል ናይት 3 ላይ ሞተር ሳይክል ለመከራየት ሌላ ሰው መምሰል አለብህ። ለዚህ ከድመት ፀጉር ሐሰተኛ ጺም ትሠራለህ። የምትመስለው ሰውዬ ግን ጺም የለውም! ስለዚህ ፓስፖርቱ ፎቶ ላይ ጺም ትስልበታለህ። በ1991ዱ መንኪ አይላንድ 2 ላይ ደግሞ ፓምፕ ለመዝጋት ዝንጀሮ እንደ መፍቻ ትጠቀማለህ። ለምን ቢሉ አንድ የመፍቻ ዓይነት በአሜሪካኖች እንግሊዝኛ በዝንጀሮ ስም ስለሚጠራ ነው። ያን ቃል የማያውቅ ሰው፣ አማርኛ ተናጋሪ በለው ፈረንሳዊ፣ ምጽአት ድረስ ቢቀመጥ አይፈታውም። እዚህ ላይ ዎክስሩ ክፈት፣ ምንም አትፈር። መስማት የማይችል ሰው ዘ ዊትነስ ውስጥ ያሉትን የወፍ ድምፅ ሰሌዳዎች፣ ቀለም የማይለይ ሰው የቀለሞቹን መልስ አይቶ ይለፍ። ያ ሰው የተቸገረው ማሰብ አቅቶት አይደለም። ችግሩ የሠሪው ነው።

ግን ጥቂት መጥፎ ፐዝሎችን እየቆጠሩ ለሺዎቹ ጥሩዎች ቁልፍ መስበሪያ ማደል ሐቀኝነት አይደለም። የዘ ዊትነሱ ጆናታን ብሎው ብሬይድ የሚባለውን ፐዝል ጌሙን በ2008 ሲያወጣ ድረ ገጹ ላይ «ኦፊሴላዊ ዎክስሩ» አስቀምጦ ነበር። ከፍተህ ስታነበው መጀመሪያ መንገድ የሚያሳይህ ይመስላል። ከዚያ ዎክስሩ አትጠቀም፣ ፐዝሎቹ ፍትሐዊ ናቸው፣ ራስህ ፍታቸው ይልሃል። ብዙ ሰው ትዕቢት ነው አለው። እኔ አክብሮት ነው እላለሁ። ይችላል ብሎ ያመነብኝን ሰው እመርጣለሁ፣ አይችልም ብሎ ከሚሮጥልኝ ማሽን።

ማይክሮሶፍት ረዳቱን ይዝጋ አልልም፣ አይሰማኝምና። ቢያንስ ግን ቶሎ አይናገር። ምን ሞክረሃል ብሎ ይጠይቅ። ትንሽዋን ፍንጭ ሰጥቶ ዝም ይበል። ሙሉው መልስ የሚመጣው ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሁን። የጌሙ ሠሪ «በእኔ ጌም ላይ አትናገር» ካለም ይከበርለት። ኢንፎኮም ይህን በወረቀትና በቀለም ሠርቶታል። ዛሬ አቃተን ቢሉ ማን ያምናል?

የዚያች እህቴ ልጅ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባባ ኢዝ ዩ የሚባለውን የፊንላንዱን ጌም ጀምራለች። የጌሙ ሕጎች እዚያው ሜዳው ላይ በቃላት ተጽፈዋል፣ ቃላቱም እንደ ሳጥን ይገፋሉ። «ግድግዳ ያቆማል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ገፍተህ ካፈረስከው ግድግዳው አያቆምህም። ባለፈው እሑድ አንድ ደረጃ ላይ ተቀረቀረች። ቃላቱ ጥግ ላይ ስለተጣበቁ መግፋት አልቻለችም። «አጎቴ ንገረኝ» አለችኝ።

«አገር ስጪኝ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። «አዋሳን ልስጥህ?» አለች። እሺ ልል ስል «አይ፣ ቆይ ቆይ» ብላ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችው። እስከ ትናንት ማታ አልፈታችውም። ደውዬ ጠይቄያት ነበር፤ አዋሳም አሁንም የእሷ ናት።