የሁለት ከተማ ናሙና
«የጤነኛ ሰው ማይክሮባዮም ካርታ ተሠርቶ አልቋል» የምትለዋ አባባል ተጋናለች። ማይክሮባዮም ማለት ሰውነታችን ላይና ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካው የሰው ማይክሮባዮም ፕሮጀክት ናሙና የወሰደው ከ242 ጤነኛ አዋቂዎች ነው። የተመለመሉት ደግሞ ሂዩስተንና ሴንት ሉዊስ ላይ ነው። ሥራው ትልቅ መሆኑን ማን ይክዳል? ግን የሁለት ከተማ ሰው ለዓለም መለኪያ ይሆናል እንዴ? ገና በ2010 የጣልያን ተመራማሪዎች የፍሎረንስ ልጆችን ከቡርኪና ፋሶ ገጠር ልጆች ጋር አነጻጽረው ነበር። ማሽላና ጥራጥሬ የሚበሉት የቡርኪና ልጆች አንጀት ውስጥ አሰር የሚሰባብሩት እነ ፕሪቮቴላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች በሽ ናቸው። የጣልያኖቹ ግን ሌላ ዓለም ነው። እኛ ጤፍና ሽሮ በላተኞቹስ ካርታው ላይ የት ነን? ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ስለምንሠራው ሥራ «ዳታው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ትብብሩ ፍትሐዊ ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ዳታው ክፍት መሆኑ ጥሩ ነው፣ እስማማለሁ። ችግሩ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ የሰገራ ናሙና ሰብስበን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ለፍሪዘሩ ስንጨነቅ ከርመን፣ በደረቅ በረዶ አሽገን ውጭ አገር ላክን። ዲኤንኤው እዚያ ተነበበ፣ ትንተናውም እዚያ ተሠራ። እኛ ውጤቱን ያየነው ጽሑፉ ሊታተም ሲል ነው፤ ስማችን መሃል ላይ ተሸጉጦ። ቢያንስ የናሙናው ግማሽ እዚሁ ይቀመጥ። ትንተናውን የሚሠራ ልጅም ከእኛ ይሠልጥን። ይሄ ደግሞ ናሙናው አውሮፕላን ላይ ከመጫኑ በፊት ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።