«ዛሬ አልናገርም» ስንለው ረዳቱ ምን ይላል?

ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች የደሴን ትምህርት ቤቶች በሞሉበት በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ በአንድ መጠለያ ውስጥ ከበጎ ፈቃደኛ መዝጋቢዎች አንዱ ነበርሁ። በአንድ የመማሪያ ክፍል ብዙ ቤተሰብ ታጭቆ፣ ዴስክ እየደረደረ እንደ ግድግዳ ከልሎ ይተኛል። በእጄ የያዝሁት ቅጽ ከስም፣ ከዕድሜና ከቤተሰብ ብዛት ቀጥሎ በጉዞ ላይ ስለደረሰ ጉዳት የሚጠይቅ ቦታ ነበረው። ስድሳ ዓመት ከሚጠጋቸው አንዲት እናት ፊት ቆሜ፣ ጎረቤቶቻቸው በግራና በቀኝ እየሰሙ፣ ይህንኑ ጠየቅኋቸው። «ምንም» አሉኝ። እኔም «ምንም» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈው ሲያዩኝ «ልጄ፣ ያን ነገር እኮ በሰው ፊት ነው የጠየቅኸኝ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው በኅዳር መጨረሻ ከተለቀቁ ወዲህ፣ ስለ ሥነ ልቦና ጉዳት የሚሰጠው ሥልጠና በዝቷል፤ ይህ መልካም ነው። ከሥልጠናው ጋር ግን «ትራውማን (ማለትም የሥነ ልቦና ጉዳትን) ያገናዘበ አገልግሎት» የሚል አነጋገር ገብቶ በባነርና በምስክር ወረቀት ላይ በቀላሉ መታተም ጀምሯል። የምስክር ወረቀቱ ባለሙያው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ለጥቂት ቀናት መቀመጡን ያረጋግጣል። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ግን፣ የቆሰለ ሰው ፊቱ በተቀመጠ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ለአነጋገሩ ይዘት የሰጠው፣ የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤናና የሱስ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያ ነው ማለት ይቻላል። መመሪያው ከአንድ ተቋም አራት ነገር ይጠብቃል፦ የሥነ ልቦና ጉዳት ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ እንዲገነዘብ፣ ምልክቶቹን እንዲለይ፣ አሠራሩን በዚህ ዕውቀት እንዲቃኝ፣ እንዲሁም ሰውን ዳግም ከማቁሰል እንዲቆጠብ። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው አራተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ረዳቱ ራሱ አቁሳይ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ይህን የማይጠረጥር ረዳት፣ የቀረውን ሁሉ በቃሉ ቢወጣው እንኳ ያስፈራኛል።

አንድ መደባለቅም አስቀድሞ መለየት አለበት። ትራውማን ያገናዘበ ማለት ትራውማን የሚያክም ማለት አይደለም። ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣውን ሕመም ማከም ራሱን የቻለ ረጅም ሥልጠናና ክትትል የሚጠይቅ ሙያ ነው። ማገናዘብ ግን የካርድ ክፍል ሠራተኛዋም፣ አዋላጅዋም፣ የመርማሪ ፖሊሱም፣ የአምስተኛ ክፍል መምህሩም ሊያደርጉት የሚገባ የአሠራር ጠባይ ነው። አደጋው የሚመጣው የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰደ ሰው ማገናዘብን እንደ ማከም ቆጥሮ ያልተጠየቀውን ቁስል መቆፈር ሲጀምር ነው። እውነተኛው ባለሙያ «ይህን እችላለሁ፣ ከዚህ ያለፈውን ግን ወደ እገሌ እልክሃለሁ» ለማለት አያፍርም።

ታዲያ በምን እንለየው? ብዙ መስፈርት ሊደረደር ይችላል፤ እኔ ግን የሌሎቹን ሁሉ ጭብጥ የሚያወጣ አንድ መፈተኛ አለ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም ሰው እምቢ ሲለው የሚያደርገው ነገር ነው። በጦርነት፣ በመደፈር ወይም በአፈና ያለፈ ሰው በዚያች ሰዓት ከምንም በላይ የተነጠቀው «አይሆንም» የማለት ሥልጣኑን ነው። ስለዚህ «ዛሬ ይህን አልናገርም»፣ «በሩ ክፍት ይሁን»፣ «ሴት ሐኪም ትየኝ» ሲል የሚሰጠው መልስ ከግድግዳው ጥቅስ ሁሉ የበለጠ ይናገራል። ፊቱን የሚያጠቁር አለ፤ «ለራስህ ብዬ ነው» የሚል አለ፤ «ካልተናገርሽ መርዳት አልችልም» ብሎ እርዳታውን መያዣ የሚያደርግ አለ። ደግሞም «እሺ፣ መቼም ባይነገር የሚጎድልብዎ ነገር የለም፤ አሁን ምን እናድርግ?» የሚል አለ። የማምነው ይህን የመጨረሻውን ነው።

«አብሽር» የምትለው የወሎ ቃል እዚህ ላይ ትመጣብኛለች። አብሽር ስንባባል ከትከሻችን ላይ ሸክም የሚነሳልን ሕዝብ ነን፤ ልቅሶ ቤትም ሕመምተኛ ጋም ከቡናው ቀድማ የምትቀርብ ቃል ናት። ይሁንና ይህችው ቃል በተቻኮለ ረዳት አፍ ስትገባ የሰውን ንግግር የምትቆርጥ ቢላ ትሆናለች። ሰውዬው ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር «አብሽር፣ ሁሉም ያልፋል፣ ከአንተ የባሰም አለ» ከተባለ፣ የተጽናናው ሰሚው እንጂ ተናጋሪው አይደለም። መስማት ሲከብደን ማጽናናት እንጀምራለን። ጥሩ ረዳት አብሽርን ከቋንቋው አያወጣትም፤ ጊዜዋን ይጠብቅላታል እንጂ።

ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ ዘመናዊ ስለሚመስል ይበልጥ ያታልላል። ሽማግሌዎቻችን «ሆድ ይፍጀው» ሲሉ ኖረዋል፤ ሥልጠና ቀመስ የሆነው ትውልድ በምላሹ «ተናገሪው፣ ይወጣልሻል» ማለት ለምዷል። ንግግር በሰዓቱና በፈቃድ ሲሆን ይፈውሳል፤ ግን አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ማስተረክ እንደሚረዳ ማስረጃ አልተገኘም፤ አንዳንዱን እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ይህን አሠራር አትጠቀሙበት ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በምትኩ የሚመከረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ነው፦ ዙሪያውን ማየት፣ ሊናገር ለፈለገ ማድመጥ፣ ከዘመዱ፣ ከምግብ፣ ከመጠለያና ከሕክምና ጋር ማገናኘት። በመጀመሪያው ቀጠሮ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ሁሉንም ንገሪኝ» የሚል አማካሪ ሥልጠናውን በጉጉት ተክቶታል ብሎ መጠርጠር አይከፋም።

ምስጢር መጠበቅን በተመለከተ ሁሉም ይምላል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ይለያያሉ። ደሴ ትልቅ ከተማ ናት ቢባልም፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ ስንሄድ ሦስት ሰው ሰላም ሳንል አንደርስም፤ ሰላም ሳይሉ ማለፍም እንደ ስድብ ይቆጠራል። አንዲት የማውቃት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ለአዲስ ተገልጋይ መጀመሪያ ከምታነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም ልበልሽ ወይስ እንደማላውቅሽ ልለፍ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ከማንኛውም ማኑዋል አላገኘችውም፤ ከከተማው ጠባይ ነው የቀዳችው። ከዚያ ቀጥላ ምስጢሩ የሚያበቃበትን ድንበር ትናገራለች፦ የራስን ወይም የሌላን ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከተነገረ፣ ወይም ሕፃን አደጋ ላይ ከሆነ፣ ለብቻዋ እንደማትይዘው። «ምንም ነገር ለማንም አልናገርም» ብሎ በጅምላ የሚምል ረዳት ወይ አላሰበበትም፣ ወይ እየዋሸ ነው።

ከዚህ የቀሩት ምልክቶች በዓይን የሚታዩ ናቸው። ተገልጋዩን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ከማስቀመጥ ይልቅ የት መቀመጥ እንደሚፈልግ የሚጠይቅ፣ የደም ግፊት ሊለካ ክንድ ከመያዙ በፊት የሚያስፈቅድ፣ ለሠርግ የተተኮሰ ጥይት ሲሰማ የበረገገን ሰው የማይስቅበት፣ አፋን ኦሮሞ ብቻ ለምትናገር እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን አስተርጓሚ የማያደርግ። የአነጋገር ማዕረግም ከነዚሁ ይቆጠራል፤ ቤታቸው «አንቱ» ተብለው የኖሩ እናት ነጭ ጋዋን ከለበሰ ወጣት «አንቺ፣ ነይ እዚህ» ሲሰሙ፣ ገና ምርመራው ሳይጀመር አንድ ነገር ተወስዶባቸዋል። ዱዓ ወይም ፀበል ያበረታውን ሰው እምነቱን ሳይንቅ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ በአክብሮት የሚነግርም ከነዚሁ ወገን ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳ ፍትሐዊ ቅሬታ አለ። በቀን አርባ ሕመምተኛ የምታይ ነርስ፣ ሦስት ባለሙያ በሚጋራው ክፍል ውስጥ፣ ይህን ሁሉ እንዴት ታድርግ? የደሴ ሆስፒታል በጦርነቱ ተዘርፎ የነበረ ተቋም ነው፤ ሠራተኞቹም ቤታቸውን ጥለው የሸሹ፣ ዘመድ የቀበሩ ሰዎች ናቸው። እውነት ነው፤ የተለየ ክፍል በቅን ልቦና አይሠራም፣ በጀት ይጠይቃል፤ ክፍል ሳይሰጡ ሠራተኛዋን «ምስጢር አልጠበቅሽም» ብሎ መገሠጽም ግፍ ነው። ነገር ግን «እዚህ ሰው ይሰማናል፤ የሚከብድዎት ከሆነ ይህን አሁን አይመልሱልኝ» ለማለት አሥር ሰከንድ ይበቃል። እኔ በዚያ መጠለያ ያጣሁት ክፍል ብቻ አልነበረም፤ ይህችን አሥር ሰከንድም ነው። ከረዳቷ ድካም አንጻር ደግሞ ልንጠይቃት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ አንቺስ ሲከብድሽ ማንን ታማክሪያለሽ? «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚለው መልስ ጥንካሬ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማድመጥ ያቆመ ሰው መልስ ነው።

የሥልጠናው ብዛት ያመጣው ሌላ ጣጣም አለ፤ ያዘነውን ሁሉ በሽተኛ ማድረግ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በግጭት ውስጥ ካለፉ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ የአእምሮ ጤና መታወክ ይኖርበታል፤ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። የቀሩት አራቱ ግን ያለቅሳሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ፣ ይናደዳሉ፣ ከዚያም አብዛኞቹ ቤተሰብና ጎረቤት፣ ሥራና ሰላም ሲያገኙ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። ስለዚህ ያገኘውን ተፈናቃይ ሁሉ «ትራውማታይዝድ» ብሎ የሚጠራ ረዳት ሰዎቹን ሳያይ ስም ሰጥቷቸዋል። የሚያገናዝብ ሰው «ምን ሆነሃል?» ብሎ አይጀምርም፤ «አሁን ምን ይቸግርሃል? እስከ ዛሬስ ያቆመህ ምንድን ነው?» ይላል።

ያኔ ውሃ ሰልፍ ላይ ከተናገሩኝ በኋላ ያቺን እናት ፈልጌ ሄድሁ። መጀመሪያ ያዩት እጄን ነው። «ዛሬም ወረቀቱን ይዘኸዋል?» አሉኝ። አልያዝሁትም ነበር። ከዴስኮቹ ጀርባ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የሚያስፈልጋቸው ነገር ካለ ጠየቅኋቸው፤ ከቆቦ ሲወጡ በመንገድ የተለያቸውን ልጃቸውን የሚጠሩበት ስልክ ነበር የፈለጉት። ቁጥሩን በነጠላቸው ጫፍ በቋጠሯት ቁራጭ ወረቀት ላይ አስጽፈውት ኖሯል። በስልኬ ደወልንለት፤ በሦስተኛው ሙከራ አነሣ። በጉዞው ላይ የደረሰባቸውን ነገር እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።